የሦስት ዘመን ወጣት ሴቶችን በአንድ ልብ ወለድ ማገናኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

የአባቱን ወገን ወደ ላይ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው «የእናትህ እናት፣ የእሷስ እናት ማን ትባላለች?» ሲባል ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስማችን ከአባት ወደ አያት ስለሚሄድ የሴቷ ስም መንገድ ላይ ይቀራል። ሴት ስትወልድ ልጇ የሚጠራው በባሏ ስም ነው። ያቺ ልጅ በተራዋ ስትወልድ ደግሞ የአያትየው ስም ከወረቀት ላይ ጨርሶ ይጠፋል። በተለያየ ዘመን የኖሩ ወጣት ሴቶችን በአንድ ልብ ወለድ ለማገናኘት የሚያስብ የአማርኛ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህን ነው። ሴቶቹን የሚያያይዝ የቤተሰብ ስም የለም። ስለዚህ የስምን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት። እኔ ያንን ነገር ያገኘሁት ሴቶች በእጃቸው ሲያወርሱ ከኖሩት ሙያ ነው፤ ከታች ያሉት ደረጃዎችም ሁሉ ከዚያ የተነሡ ናቸው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ የልብ ወለድ እቅድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘን እንሄዳለን። ሴቶቹ ሦስት ናቸው፦ ዘነበች፣ አልማዝ እና ትዕግሥት።

1. ዘመኑን ከመምረጣችሁ በፊት ዕድሜውን አስሉ

ብዙ ጀማሪ «ጣሊያን ሲገባ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ከዚያ ደግሞ አሁን» ብሎ ይነሣል። እንዲህ ሲጀመር ልጅቷ የታሪክ አስጎብኚ ሆና ትቀራለች። ጦርነቱን ታሳየናለች እንጂ እሷን አናያትም። የምመክራችሁ ሦስቱንም በአንድ ዕድሜ እንድትይዟቸው ነው። እኔ 17 ዓመት መርጫለሁ፤ ምክንያቱም 17 ዓመት በአንዱ ዘመን ባለትዳርነት፣ በሌላው ተማሪነት፣ በሦስተኛው ደግሞ ወር ጠብቆ ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ነው። ዕድሜው አንድ ሲሆን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ወረቀት አንሡና የልደት ዓመቶቹን ጻፉ። ዘነበች በ1911 ዓ.ም ተወለደች፤ በ1928 17 ሞላት። አልማዝ የልጇ ልጅ ናት፤ በ1950 ተወለደች፤ 17 የሞላት በ1967 ነው። ትዕግሥት በ1989 ተወለደች፤ 17 የሞላት በ2006። በመካከል ያለችውን የአልማዝን እናት አትርሷት። በ1930 ብትወለድ አልማዝን በ20 ዓመቷ ወልዳለች ማለት ነው፤ ከባሏ ጋር ጅማ ትኖራለች፤ ልጇን ለትምህርት አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ልካታለች። እንዲህ ያለ አንድ መስመር መልስ ካላዘጋጃችሁ አንባቢ በምዕራፍ አምስት «እናትየዋ የት ሄደች?» ብሎ ያቆማችኋል።

ይህን ሒሳብ ስሠራ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። አልማዝ 17 ሲሞላት ዘነበች 56 ናት። ትዕግሥት 17 ሲሞላት አልማዝ 56 ናት። ይህ ቁጥር የልብ ወለዱን ቅርጽ ሰጠኝ፦ በየዘመኑ አንዲት ወጣት ልትሄድ ትነሣለች፤ አንዲት ጎልማሳ ሴት በር ላይ ቆማ ትከለክላታለች። የከለከለችው ሴት ደግሞ ቀደም ባለው ዘመን በዚያው በር የወጣችው ልጅ ነበረች። እናንተም ቁጥሮቻችሁን በትዕግሥት ደምሩ፣ ቀንሱ። ያላሰባችሁት መገጣጠም ከዚያ ውስጥ ይወጣል።

ትዕግሥት ለሁለቱ ዘመድ አለመሆኗን አስቡበት። ከወሎ ገጠር በ11 ዓመቷ መጥታ በአልማዝ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ሦስቱን በደም ማያያዝ ቀላል ነበር። ነገር ግን የአዲስ አበባን ቤቶች ስናስብ፣ ልጅ ያሳደጉት፣ ወጥ የሠሩት፣ የቤቱን ምስጢር ሁሉ የሚያውቁት ስንቶቹ የዘመድ ልጆች ነበሩ? የቤት ሠራተኛዋን ከታሪኩ ካስወጣናት የቤቱን ታሪክ ግማሹን አስወጣን ማለት ነው። በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው።

2. ለእያንዳንዷ የምትሻገረው አንድ ደጃፍ ስጧት

ትልቁን ታሪክ ወደ ጥቂት ቀናት አጥብቡት። ለዘነበች የመረጥኩት አራት ቀን ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ሆኗል፤ ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ጣሊያኖች የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ከተማዋ ጌታ አልነበራትም፤ ሱቅ ይዘረፋል፣ ቤት ይቃጠላል፣ ጥይት ይተኮሳል። ዘነበች ከሰሜን የተመለሰ ወታደር ፈልጋ ስለ ባሏ ልትጠይቅ ትፈልጋለች። አማቷ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ይኸው በቃ፤ ስለ ወረራው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ለአልማዝ የእድገት በኅብረት ዘመቻ አለላት። ዘመቻው በታኅሣሥ 1967 ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ፊደል ሊያስቆጥር የሄደ ልጅ በድንገት የመሬት ጉዳይ ውስጥ ገባ። ከተማ ያደገች ሴት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ዓይን ውጭ የምታድረው እዚህ ላይ ነው። አያቷ የፈሩት ይህንን ነው።

ለትዕግሥት 2006 ራሱ በቂ ነው። ጥቅምት ላይ መንግሥት ለሥራ ወደ አረብ አገር መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ትዕግሥት ግን ለደላላው ከፍላለች፤ ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ ከፍ ተደርጎ ተጽፏል። ቦሌ በፌስታል ልብሳቸውን ይዘው የሚወርዱትን እህቶቿን በቴሌቪዥን እያየች፣ በጂቡቲ አድርጎ በባሕር ወደ የመን የሚያሻግረውን መንገድ ታስባለች። አልማዝ በር ላይ ትቆማለች።

ሕጉንም እዩት፤ ልጅቷ እምቢ ማለት የምትችለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይነግራችኋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ አልማዝን በ1967 ልዳርሽ የሚል ዘመድ ቢመጣ ዕድሜዋ አልደረሰም ብሎ ሕጉ አያስቆመውም።

3. ክሩን ምረጡ

ብዙዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ሐሳብ የተደበቀ ደብተር ነው፤ የዛሬዋ ልጅ ሣጥን ትከፍትና የአያቷን ማስታወሻ ታነባለች። ለእኛ ይህ አይሠራም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ነው፤ በ1928 መጻፍ የምትችል የ17 ዓመት ልጅ እጅግ ጥቂት ከሆኑት አንዷ ናት። ዘነበችን ደብተር ስትሰጧት ከብዙኃኑ ሴቶች ትለዩዋታላችሁ። በዚያ ላይ የዛሬዋ ልጅ አንባቢ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ የራሷ ሕይወት አይኖራትም።

መጻፍ የማትችል ሴት ምን ትተዋለች? ጥልፍ፣ እንጉርጉሮ፣ ልጅ የምታባብልበት ዜማ፣ የበርበሬ አደላለል፣ የእጅ ሥራ። እኔ የመረጥኩት እንዝርት ነው። መምረጫው ሚዛን ይህ ነው፦ ዕቃው በየዘመኑ ሥራ መሥራት አለበት። ተሰቅሎ የሚታይ ጌጥ አንባቢን ያሰለቸዋል። በእያንዳንዷ እጅ ትርጉሙም መለወጥ አለበት።

ዕቃውን በቅርብ እወቁት። ጥጡ ፍሬው ተዳምጦ ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ፈታይዋ አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን በቀኝ ታሾረዋለች፤ ክሩ እየቀጠነ ይወጣና እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲሞላ ልቃቂት ሆኖ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሸማኔው ይረከባል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። ጋቢው ሲመሰገን የሸማኔው ስም ይነሣል፤ የፈተለችውን ሴት ማን ይጠራታል? መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ በዚህ በአንዲት ዕቃ ውስጥ ሙሉውን አለ።

በእቅዳችን ዘነበች በዚያ የጭስ ቀን እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋ ትወጣለች። አልማዝ መፍተል አታውቅም፤ የአሮጊት ሥራ ይመስላታል። ጎጃም ዘመቻ ላይ ግን ፊደል የምታስተምራቸው ሴቶች እንዝርት ይሰጧትና ክሩ በሦስተኛው ዙር ይበጠስባታል፤ ይስቃሉ። አንዲቷ እናት «ቀስ በይ ልጄ፤ አንቺ ሀ ሁ ስታስቆጥሪን ተቆጣሽን?» ትላታለች። በ2006 የዘነበች እንዝርት በአልማዝ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት አንሥታ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ሳትቸገር ትፈትላለች። አልማዝ ከኩሽና ስትመለስ ታያታለች። የዘነበች ሙያ በደም ላልተዛመደቻት ልጅ እጅ ላይ ሕያው ሆኖ ሲገኝ ልብ ወለዱ ልቡን አገኘ።

4. ሰው ስትጠይቁ ከትንሹ ጀምሩ

አንዲት የሰፈራችንን እናት ስለ ጣሊያን ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ «እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ከባድ ነበር ልጄ» አሉና ዝም አሉ። ሁለተኛ ቀን ሄጄ «በዚያ ሰሞን እንጀራ መቼ ትጋግሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሌሊት ነዋ! ቀን ጭሱ ይታያላ» አሉ፤ ከዚያ ሳላቋርጣቸው እስኪመሽ አወሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬ ሁሉ ስለ እንጨት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ፀጉር ነው። «ሽሩባ ማን ይሠራሽ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የሰውን ፍቅርና ጥል ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሲያወሩ አታርሟቸው፤ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ ቤታችሁ ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ። ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ በዋትሳፕ አንድ ጥያቄ ብቻ በድምፅ ላኩ፤ መልሱን አድምጡ፤ ሁለተኛውን በሳምንቱ። በአንድ ቀን አሥር ጥያቄ ሲመጣ እናቶች «ምን ልታደርጊበት ነው?» ብለው ይሸሻሉ።

ለወረቀት መረጃ አዲስ አበባ ውስጥ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ከወረራው በፊት ለነበረው ጊዜ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣን፣ ከ1933 ወዲህ ላለው አዲስ ዘመንን ገልብጡ። ዜናውን እለፉት፤ ማስታወቂያውን አንብቡ። ምን ይሸጥ ነበር፣ ማን ጠፍቶ ይፈለግ ነበር፣ ለየትኛው ሥራ ሴት ይቀጠር ነበር?

ቦታውን በእግር መሄድ ድሮ ቀላሉ ነገር ነበር። ከ2016 ወዲህ ግን የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ዘነበች የሮጠችበት ቁልቁለት ላይ ሌላ መንገድ አለ። ስለዚህ የድሮ ፎቶግራፍ ያለውን ዘመድ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ከሰው ጀርባ ያለውን አጥርና ጣሪያ ተመልከቱ።

5. ቀኑንና ዕቃውን አጥሩ

የውጭ መጽሐፍ ስታነቡ ልዩነቱ ሁሌ ስምንት ዓመት አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። በፈረንጅ 1937 የካቲት ላይ የተፈጸመው የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ለእኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ አንድ ገጽ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ዕቃን በተመለከተ ውኃ ብቻ ተከተሉ፦ ዘነበች በእንስራ፣ ትዕግሥት በጄሪካን ትቀዳለች። በ1928 በብዙ ሰው እጅ የነበረው ብር የሚመዘን፣ የሚጮህ፣ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ነው፤ መቀነት ውስጥ ከተቋጠረ ይከብዳል። የወረቀት ገንዘብ አስመስላችሁ ብታጥፉት ትዕይንቱ ፈረሰ።

6. አነጋገራቸውን ለዩ፣ ግን አታብዙት

ሦስቱም በር ላይ የሚሉትን አጠገብ ለአጠገብ ጻፉት።

ዘነበች ለአማቷ፦ «እሜቴ፣ ይማሩኝ። ከሰሜን የመጣ ሰው ካለ ስለ ጌታዬ ጠይቄ ልመለስ።»

አልማዝ ለአያቷ፦ «እማማ፣ ስሜ ተጠርቷል እኮ። ሁሉም እየሄደ እኔ ብቻ አልቀርም።»

ትዕግሥት ለአልማዝ፦ «እትዬ፣ ለደላላው ከፍያለሁ። እርስዎስ በእኔ ዕድሜ ሄደው የለ?»

ልዩነቱን የሚሸከሙት ጥቂት ቃላት ናቸው። «ጌታዬ» እና «ይማሩኝ» ለዘመኑ በቂ ናቸው፤ ገጹን ሁሉ በጥንታዊ ቃል ብትሞሉት ዘነበች ሕያው ልጅ መሆኗ ቀርቶ የብራና ጽሑፍ ትሆናለች። የትዕግሥት «እርስዎ» ከዘነበች አክብሮት ጋር ሲመሳሰል አንባቢ ወደ 80 በሚጠጋ ዓመት ውስጥ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ራሱ ያየዋል፤ እናንተ አታስረዱት። ስምም ዘመን አለው። ዘነበች፣ የሺመቤት፣ አስካለ ለመጀመሪያው፤ አልማዝ፣ ገነት፣ ፀሐይ ለሁለተኛው ይስማማሉ። በ1928 አዲስ አበባ ውስጥ ሶሊያና የምትባል ልጅ አታስቀምጡ።

7. መጀመሪያ ድሩን፣ ከዚያ ማጉን

ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ይወጥራል፤ ማጉን የሚወረውረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም የእያንዳንዷን ታሪክ ለብቻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉ። ዘመን እየቀያየሩ መጻፍ ይማርካል፤ ነገር ግን አንዷ ስትከብዳችሁ ወደ ሌላዋ እየሸሻችሁ ሦስቱም ሳይበስሉ ይቀራሉ። እኔ ዘነበችን ብቻ ስጽፍ አንድ ክረምት አለፈ።

ሦስቱ ሲያልቁ አትሙና ወለል ላይ ዘርጉት። ትዕይንቶቹን በመቀስ ለዩ፤ ለእያንዳንዷ የተለየ ቀለም ስጡ። አሁን ማጉን ወርውሩ፦ የትኛው ትዕይንት ከየትኛው አጠገብ ቢቀመጥ ነገር ይፈጠራል? ምዕራፎቹን እኩል ለማድረግ አትድከሙ። የዘነበች አራት ቀን የመጽሐፉን እኩሌታ ቢወስድ ምንም አይደለም፤ የአልማዝ አንድ ምዕራፍ ሁለት ገጽ ሊሆን ይችላል።

ከዘመን ወደ ዘመን ስትሻገሩ ቀን በመጻፍ ብቻ አትሻገሩ፤ በእጅ እንቅስቃሴ ተሻገሩ። የዘነበች ምዕራፍ የሚያበቃው እንዲህ ነው፦

«በጓሮ በኩል ስትወጣ ጭሱ ዓይኗን ለበለባት። መቀነቷን ጠበቅ ስታደርግ እንዝርቱ ጎኗን ወጋት። አላወጣችውም።»

ቀጣዩ ምዕራፍ፦

«ካኪው ሱሪ ወገቧ ላይ አልቆም አለ። አያቷ ምንም ሳይናገሩ መቀነታቸውን ፈቱና ዘረጉላት። ‹በይ በዚህ እሰሪው› አሏት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ።»

አያትየው ዘነበች መሆናቸውን አልተናገርኩም። መቀነቱ ተናገረ።

8. ሲያልቅ ሦስት ጊዜ አንብቡት

አንድ ጊዜ የዘነበችን ምዕራፎች ብቻ ነጥላችሁ፣ ሌላ ጊዜ የአልማዝን፣ በመጨረሻ የትዕግሥትን። ለብቻው ሲነበብ የማይቆም ታሪክ ካለ ችግሩ እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው የዛሬው ነው፤ የምናውቀው እየመሰለን ሳንጠይቅ እንጽፈዋለን። ለትዕግሥት ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን፣ ለዘነበች ብለን እናቶችን በጠየቅንበት ጥንቃቄ ልንጠይቅ ይገባል። የደረሰባቸውን መከራ ፈልፍላችሁ አታውጡ። ሻንጣቸው ውስጥ ምን ይዘው እንደሄዱ ጠይቁ፤ የቀረውን ከፈለጉ ይነግሯችኋል።

ከዚያ ለሦስት አንባቢ ስጡት፦ ዘመቻውን ለምታስታውስ፣ በቤት ሠራተኛነት ላለፈች፣ እና 17 ዓመት ለሆናት። የመጨረሻዋ የሰለቻት ቦታ ላይ ምልክት እንድታደርግ ብቻ ጠይቋት።

መደምደሚያው ላይ ሦስቱን አንድ ማዕድ ዙሪያ አታስቀምጧቸው፤ ሁሉንም ነገር ለሁሉም አትግለጡ። ትዕግሥት የዘነበችን ስም ሰምታ አታውቅም፤ እስከ መጨረሻው አትሰማም። በእኔ ረቂቅ አልማዝ በማለዳ ተነሥታ ሳሎን ትገባለች። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንዝርቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የጎጃም ሴቶች ካስተማሯት የሚቀጥን ክር ያለበት አንድ ልቃቂት ተቀምጧል። ጫፉን በጣቷ ትይዝና ሳብ ታደርገዋለች። አይበጠስም።